150፣ 145፣ 105፣ 148፦ ሦስተኛው ሲሊንደር ምን እያለ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ወጣት አዳማ ላይ ያገለገለ ኮሮላ ሊገዛ ነው። ሞዴሉ እንደ ፈረንጆች 1998፣ ሞተሩ 4ኤ የሚባለው ባለ 1.6 ሊትር ቤንዚን። ቆጣሪው 287,000 ኪሎ ሜትር ያነብባል። ቀብድ ከመክፈሉ በፊት መካኒክ ጋ ወስዶ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየር የሚጨምቁበትን ግፊት፣ አስለካ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ሲሊንደር 150፣ 145፣ 105፣ 148 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) መጣ። መካኒኩ «መጽሐፉ 191 ይላል። ይሄ ሞተር አብቅቶለታል፤ ወርዶ ካልታደሰ አይሆንም» አለው። ሻጩ ደግሞ «መኪናው ይሄዳል አይደል እንዴ? ቁጥር ልትነዳ ነው?» አለ። መኪናው አያጨስም። ሚኒሞ ላይ፣ ቆሞ ሲሠራ፣ ግን ትንሽ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ፣ ልግዛ ወይስ ልተወው?» ይላል ልጁ።

ወንድሜ፣ ቀብድ ሳትከፍል ማስለካትህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ቀለሙን አይቶ፣ በሩን ሁለቴ ዘግቶ፣ ሊብሬውን አገላብጦ ነው የሚገዛው።

መልሴን ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ምክንያቱ ይከተላል። መካኒኩም ሻጩም ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። ሞተሩ አላበቃለትም። ሦስቱ ሲሊንደሮች ለዕድሜያቸው ጤነኛ ናቸው፤ እንዲያውም ከጠበቅኩት በላይ። ሦስተኛው ግን ታሟል። ጥያቄው ሕመሙ ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚለው ነው። ከላይ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን የሚከድነውና አየር የሚያስገቡትንና ጭስ የሚያስወጡትን ቫልቮላዎች የያዘው ቴስታታ ላይ ከሆነ መኪናውን በቅናሽ ግዛው። ከታች፣ ማለትም ፋሻ (ፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) ወይም ሲሊንደር ከሆነ ተወው። ይህን ለመለየት ደግሞ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

መጀመሪያ ያቺን 191 እናንሳ። መካኒኩ አልዋሸህም፤ መጽሐፉ እንደዚያ ይላል። ቶዮታ ለዚህ ሞተር የሰጠው 191 ፒኤስአይ ነው። ዝቅተኛው 142። በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ14 መብለጥ የለበትም። ግን እነዚህ ቁጥሮች የባሕር ጠለል አየር ታስቦ የወጡ ናቸው። ሞተር አየር አይፈጥርም። ያለበትን አገር አየር ስቦ ይጨምቃል። አዳማ ደግሞ ቆላ ናት ብንልም ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳር ካለው 82 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ስትወጣ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ የሚያሳየውም በዚያው ልክ ይወርዳል።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንስራ። 191 አዳማ ላይ ሲሰላ 157 ገደማ ነው። ዝቅተኛው 142 ወደ 116 ይወርዳል። የ14ቱ ልዩነት ወደ 11 ወይም 12 ይጠጋል። አሁን ያንተን ቁጥሮች መልሰህ እያቸው። 150፣ 145 እና 148 አዲስ ሞተር እዚህ ከተማ ከሚሰጠው ከ157 ብዙ አልራቁም። ወደ ባሕር ጠለል ብትመልሰው 150 ማለት 183 ማለት ነው። ወደ ሦስት መቶ ሺህ ለተጠጋ ሞተር ይህ የሚያኮራ ነው። 105 ግን በአዳማም ሚዛን ቢመዘን ከ116 በታች ነው። ከአንደኛው ጋር ያለው ልዩነት 45 ነው፤ ከሚፈቀደው አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ከጅቡቲ ጭኖ የሚወጣ ሾፌር የከፍታን ነገር በእግሩ ያውቀዋል። በተለይ ቱርቦ የሌለው የድሮ መኪና የነዳ። ያው መኪና፣ ያው ጭነት፣ ወደ ደጋ ሲወጣ ግን ጉልበቱ ይሰንፋል። ኮምፕሬሽንም እንደዚያው ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ 183 ያሳየ ሞተር አዳማ 150፣ አዲስ አበባ 137 ገደማ ያሳያል። ምንም ሳይበላሽ። ይህን የማያውቅ መካኒክ በየሳምንቱ ጤነኛ ሞተር ያወርዳል። የሚያሳዝነው፣ ብዙዎቹ ሆን ብለው አይደለም። መጽሐፉን ያምናሉ።

ለነገሩ እኔ ያገለገለ ሞተር ላይ ትልቁን ቁጥር ብዙም አላየውም። የማየው እርስ በርስ ያላቸውን ልዩነት ነው። ጌጅ ሁሉ አንድ አይነት አይደለም። የአንዱ ጋራዥ ጌጅ ከሌላው 10 ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ግን በአንድ ጌጅ፣ በአንድ ባትሪ፣ በአንድ ቀን የተለኩ አራት ሲሊንደሮች እርስ በርስ ይመሰካከራሉ። ብዙ መካኒኮች የሚሄዱበት ልክ አለ፤ ደካማው ከጠንካራው 75 በመቶ በታች ከሆነ ችግር አለ ይላሉ። ያንተው 105 ከ150 ሲሰላ 70 በመቶ ነው። በዚህም ሄድክ በዚያ ሦስተኛው ከመስመር ወጥቷል።

አሁን አንድ በአንድ እናጣራ። አለካኩ ራሱ ተሳስቶ ቢሆንስ?

ኮምፕሬሽን ሲለካ የሚሳሳቱባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ቁጥሩ ይወርዳል። አራቱም ካንዴላ (እሳት ሰጪው) ካልወጣ ሞተሪኖው (ማስነሻው) በደንብ አያሽከረክርም። የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ካልተረገጠ አየር በደንብ አይገባም። ባትሪው ደካማ ከሆነም እንደዚያው። ነገር ግን ልብ በል። እነዚህ ሁሉ የሚጎዱት አራቱንም ሲሊንደር ነው እንጂ አንዱን ነጥለው አይደለም። ባትሪው እየደከመ ሄዶ ቢሆን ደግሞ መጨረሻ የተለካው ይወርድ ነበር። መካኒኩ በተራ ከለካ አራተኛው መጨረሻ ነው፤ እሱ ግን 148 ሰጥቷል። ስለዚህ ባትሪውን ከክሱ ነጻ አወጣነው።

አንድ የሚቀር ጥርጣሬ አለ። የጌጁ ጎማ ሦስተኛው ላይ በደንብ ካልገባ አየር ያመልጣል። በእጅ ተጭኖ የሚያዝ ባለ ጎማ ጫፍ ጌጅ ከሆነ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። በጥርስ የሚታሰረው ይሻላል። ለማንኛውም ሦስተኛውን ነቅሎ መልሶ መለካት አንድ ደቂቃ ነው። ሁለት ጊዜ 105 ከመጣ ጌጁም ነጻ ነው።

ስለ ጌጅ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የባለ ጎማ ቱቦ ጌጅ ጫፉ ላይ፣ ካንዴላው በሚገባበት በኩል፣ ትንሽ ቫልቭ አለችው። ይህች ቫልቭ ስታረጅ አንዳንዱ የመኪና ጎማ ፒፔታ (ጎማ የሚነፋባትን ቫልቭ) አውጥቶ ይተካታል። አይሆንም። የጎማው ስፕሪንግ ጠንካራ ስለሆነ ለመክፈት ራሱ ግፊት ይበላል፤ ንባቡ ዝቅ ይላል። እንዲህ በተጠገነ ጌጅ ስንት ሞተር «አልቋል» እንደተባለ ፈጣሪ ይወቀው።

እንግዲያው ልኬቱን እንድገመው፤ አሁን በሥርዓት። መኪናውን ይዘህ ወንጂ ድረስ ሂድና ተመለስ። አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ መመለስ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ዘይቱንም ያሞቀዋል። ቆሞ ሚኒሞ ላይ የሞቀ ሞተር በደንብ የሞቀ አይባልም። ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ ቆሞ የዋለ መኪና ቫልቮላው ላይ የካርቦን ፍርፋሪ ሊያስቀምጥ ይችላል። ቫልቮላው እላዩ ላይ ቁጭ ይልና አይዘጋም። ትንሽ ጠንከር ያለ ጉዞ አንዳንዴ ያራግፈዋል። 105 የነበረው 140 ሆኖ የተመለሰ አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ አይደለም፤ ግን አይቻለሁ።

ስትመለስ አራቱንም ካንዴላ አውጡ። በተራቸው ደርድሯቸው፤ እንዳይደባለቁ። የዲስትሪቢዩተሩን ሶኬት ንቀሉ፤ እሳት እንዳይሰጥ። የነዳጅ መርጫዎቹንም ሶኬት ንቀሉ፤ ቤንዚን ሲሊንደር ውስጥ እንዳይረጭ። ባትሪው ጥርጣሬ ካለው ከሌላ መኪና በገመድ አግዙት። ከዚያ አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ታች ረግጦ ቁልፍ ይስጥ። ጌጁን የያዘው ደግሞ ይቁጠር።

ምን ይቁጠር? ምቱን። እዚህ ጋ ብዙ መካኒክ ያልፋታል። መርፌው በእያንዳንዱ ምት ከፍ ይላል። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ምት ድረስ። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው መጨረሻ የቆመበትን ብቻ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ምት ከመጨረሻው እኩል እፈልገዋለሁ። ጤነኛ ሲሊንደር በመጀመሪያው ምት ከግማሽ በላይ ይሄዳል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወደ ጫፉ ይጠጋል። ፋሻው ያለቀ ሲሊንደር ዝቅ ብሎ ይጀምርና በየምቱ ቀስ እያለ ይወጣል። ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ። ቫልቮላው የማይዘጋ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አይጨምርም። በእያንዳንዱ ምት የገባው አየር ያው መንገድ አግኝቶ ይወጣል።

ይህን ካየህ በኋላ ነው ዘይት የምናጠጣው። አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በሦስተኛው የካንዴላ ቀዳዳ ጨምር። ከዚያ በላይ አትጨምር፤ ዘይት አይጨመቅም፤ ከበዛ ፒስተኑ እሱን ገፍቶ ቢዬላውን (ፒስተኑን የያዘውን ዘንግ) ሊያጣምም ይችላል። ካንዴላ ሳይገባ ጥቂት አሽከርክሩት፤ ዘይቱ ዙሪያውን ይዳረስ፤ ትርፉ ይውጣ። ከዚያ እንደገና ለካ። ዘይቱ በፋሻውና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍነዋል። ቫልቮላውን ግን አይደፍነውም።

ስለዚህ 105 የነበረው 110 ወይም 112 ቢሆን ቫልቮላ ነው በል። ወደ 135 ወይም 140 ቢዘል ፋሻ ነው። መሐሉ ላይ፣ 120 ገደማ ቢቆም? ይህ ነው አስቸጋሪው። ዘይት ራሱ ቦታ ይይዛል፤ ጤነኛውንም ሲሊንደር ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ለዚህ ነው እኔ ሁልጊዜ አንድ ጤነኛ ሲሊንደርም በዚያው ማንኪያ የማጠጣው። አንደኛው ከ150 ወደ 158 ከሄደ፣ ዘይቱ ብቻውን 8 ጨምሯል ማለት ነው። ሦስተኛው ከ105 ወደ 120 ከሄደ ከ15ቱ ሰባቷ ብቻ ናት የፋሻው። ያኔ ዋናው በደል ያለው ከላይ፣ ቫልቮላው ጋ ነው፤ ታችም ትንሽ ድርሻ አለው።

አንድ ወጥመድ ልንገርህ። የነዳጅ መርጫው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ቤንዚኑ የሲሊንደሩን ግድግዳ ያጥበዋል። ዘይት የሌለው ግድግዳ አየር አይዝም። ያ ሲሊንደር ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ ዘይት ስታጠጣው ደግሞ ይዘላል። ፋሻ አለቀ ትላለህ። ፋሻው ግን ምንም አልሆነም። የዘይት መለኪያ ዘንጉን፣ ሊቬሎውን፣ አውጥተህ አሽትተው። ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ የሦስተኛው ካንዴላም ጥቁርና እርጥብ ከሆነ፣ መጀመሪያ መርጫውን ተጠያቂ አድርግ።

ካንዴላዎቹን በተራ ደርድሯቸው ያልኩት ለዚህ ነው። ካንዴላ የሲሊንደሩ ምላስ ነው። ሐኪም ምላስህን አውጣ እንደሚልህ ማለት ነው። ጫፉ ላይ የተጋገረ፣ ዘይት የጠገበ ጥቁር ካየህ ዘይት እየገባ ነው። ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ፣ ዘይት የለም፤ ወደ ቫልቮላው አዘንብል።

አሁን ያንተን መኪና ሳልነካ ልገምት። ሁለተኛው 145፣ አራተኛው 148 ናቸው። በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ጓርኒሲዮን (ቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ቢቃጠል ሁለት ጎረቤታሞች አብረው ይወርዱ ነበር፤ አየሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚሸሽ። እዚህ አንዱ ብቻ ነው የወረደው። መኪናው አያጨስም ብለሃል። ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል ብለሃል። እኔ እንደ ሙያዬ ከሦስተኛው ቫልቮላዎች አንዱን፣ በተለይ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ያለውን፣ እጠረጥራለሁ። የጭስ መውጫ ቫልቮላ የሚኖረው እሳት ውስጥ ነው። ስንት ዓመት ሲመታ መቀመጫው ውስጥ እየሰጠመ ይሄዳል። ሲሰጥም ከላይ ያለው ክፍተት ይጠብባል። መጨረሻ ላይ ካምሻፍቱ (ቫልቮላውን የሚገፋው ዘንግ) ሳይነካውም በደንብ አይዘጋም። በሚያመልጠው እሳት ደግሞ ጠርዙ ይቃጠላል።

ለዚህ ነው ቴስታታ ከመክፈት በፊት የቫልቮላ ክፍተት ይለካ የምለው። 4ኤ ሞተር ላይ ክፍተቱ የሚስተካከለው በስፔሶር ነው፤ ቀጭን የብረት ሳንቲም ነገር። የላይኛው ክዳን ብቻ ነው የሚከፈተው። የሦስተኛው ቫልቮላ ጭራሽ ክፍተት ከሌለው፣ ትክክለኛ ስፔሶር ተገብቶለት ኮምፕሬሽኑ ሊመለስ ይችላል። ገና ካልተቃጠለ ማለቴ ነው። መካኒክህ ይህን ሳያይ ሞተር ይውረድ ካለ ቸኩሏል።

ዘይት ማጠጣቱ አላሳምን ያለህ እንደሆነ ሌላ ዘዴ አለ፤ እኔ የምወደው። ወደ ጎሚስታ ሂድ። ኮምፕሬሰር አለው። የጌጁን ቱቦ ውሰድና ጫፉ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ አውጣ። ሦስተኛውን ፒስተን መጭመቂያው ላይ፣ ጫፍ አድርሰው፤ ሁለቱም በኩል ቫልቮላ የሚዘጋበት ቦታ። ቱቦውን እሰርና አየር ልቀቅ። ከዚያ ጆሮህን ስጥ። አየሩ የሚሸሽበት ቦታ በሽታውን ይነግርሃል። ማርሚታው ጫፍ ላይ ፉጨት ከሰማህ የጭስ መውጫ ቫልቮላ ነው። በአየር ፊልትሮው በኩል ከሰማህ የመግቢያው ነው። የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ከፍተህ እዚያ ሽው ካለ ፋሻ ነው። በራዲያተሩ ውሃ ላይ አረፋ ከተነሳ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው። ትንሽ የዘይት መጨመሪያ ሽውታ ግን አያስደንግጥህ። አዲስ ሞተርም ትንሽ ያመልጠዋል። ከአንደኛው ሲሊንደር ጋር አነጻጽረው።

ጥንቃቄ። የዚህ ሞተር ፒስተን ስፋቱ 81 ሚሊ ሜትር ነው። 100 ፒኤስአይ አየር ስትለቅበት ከ350 ኪሎ በላይ ክብደት ያረፈበት ያህል ነው። ፒስተኑ በትክክል ጫፍ ላይ ካልሆነ ሞተሩ በኃይል ይዞራል። የኮሎው (የክራንክሻፍቱ) ቡሎን ላይ ቁልፍ ሰክተህ እንዳትተው። እጅ ከችንጋው (ከቀበቶው) ይራቅ። ማርሹ ፎሌ ላይ ይሁን፤ መኪናው ዘሎ ሰው እንዳይመታ። ግፊቱንም ከዝቅታ ጀምረህ ቀስ እያልክ ጨምር።

የራሴን ጉድ ደግሞ ልንገርህ፤ ለሌላ ሰው ሞተር ይውረድ ስል ምን እንደሚሰማኝ እንድታውቅ። ገና ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ የቤንዚን ፒክአፕ መጣልኝ። ሁለተኛው ሲሊንደር ዝቅ ብሏል። ዘይት አላጠጣሁም። አየር አልለቀቅሁም። «ፋሻ ነው» አልኩ፤ ፋሻ ስል ሰው ስለሚያከብረኝ ይሁን አላውቅም። ሞተሩን አወረድኩ። ፒስተን አወጣሁ። አራቱንም ፋሻ ቀየርኩ። አሰርኩት። አስነሳሁት። ለካሁ። ያው ቁጥር። ተሰልፎ የሚጠብቀኝ ባለመኪና ፊት ለፊቴ ቆሟል። እንደገና ቴስታታውን አወረድኩና ቫልቮላዎቹን አወጣሁ። የአንዱ ጠርዝ አይጥ እንደበላው እንጀራ ተቆርሷል። ያ ቴስታታ ከሁለት ቀን በፊት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ቫልቮላውን አውጥቼ ብመለከት፣ ወይም ቀዳዳዎቹ ውስጥ ነጭ ጋዝ ጨምሬ ሲያንጠባጥብ ባይ፣ በዚያው ያልቅ ነበር። የሁለተኛውን ጊዜ የእጅ ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ። ባለመኪናው ዛሬም ሲያገኘኝ «ፋሻ» ብሎ ነው የሚጠራኝ።

እንግዲህ ወደ መግዛቱ እንምጣ። ኮምፕሬሽን ጥሩ ስለሆነ ብቻ ሞተሩ ዘይት አይበላም ማለት አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ፒስተን ላይ ሦስት ፋሻ አለ። የላይኞቹ ሁለቱ ናቸው ግፊት የሚይዙት። የታችኛው ሥራው ዘይት መጥረግ ነው። እሱ በካርቦን ተጣብቆ ከቀረ ኮምፕሬሽን 150 እያሳየህ ዘይት ይጠጣል። የቫልቮላ ሲልም (ዘይት የሚከለክለው ጎማ) እንደዚያው፤ ጌጁ አያየውም። ስለዚህ ጓደኛህን በሌላ መኪና አስከትለህ ንዳ። በሁለተኛ ማርሽ ፍጥነት ያዝና እግርህን ከፔዳሉ አንሳ፤ ሞተሩ ራሱ ይያዘው። ትንሽ ቆይተህ ደህና አድርገህ ርገጥ። በዚያች ቅጽበት ሰማያዊ ጭስ ቦግ ብሎ ከጠፋ የቫልቮላ ሲል ነው። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ሲወርዱ ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ ከኋላቸው ሰማያዊ የሚተፉ መኪናዎች አብዛኛው ችግራቸው ይኸው ነው። እየጎተተ ባለ ቁጥር ሳያቋርጥ ካጨሰ ግን ፋሻ ነው።

ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ክፈት። እጅህን ከላይ አድርግ። ትንሽ መተንፈስ ያለ ነው። እንደ ቡና ጀበና ጭስ እየገፋ ቱፍ ቱፍ ካለ ታች ያለው ነገር ደክሟል።

ቆጣሪውን ደግሞ ብዙ አትመነው። 287,000 ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ሊበልጥም ይችላል። ወደ ኋላ የተመለሰ ቆጣሪ አገር ያውቀዋል። ጌጁ ላይ ያለው ቁጥር ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። በቀላሉ አልኩ እንጂ ጭራሽ አላልኩም። ወፍራም ዘይት የሞላ ሻጭ፣ ወይም ከመለካቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ካንዴላ ነቅሎ ዘይት ያጠጣ ሻጭ ቁጥሩን ያሳምረዋል። 105ቱ ብቻውን ሻጩን ነጻ አያወጣውም፤ ዘይት የቫልቮላን ችግር አይደፍንምና።

ሞተሩ ፈልቶ ያውቅ እንደሆነ ሻጩን ጠይቀው። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ አንዴ በደንብ ከፈላ ይጣመማል። የአዳማን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ደካማ ራዲያተር ያጋልጣል። የራዲያተሩን ክዳን፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ከፍተህ ተመልከት። ቡናማ ዝገት ውሃ ካየህ ኩላንት አይቶ አያውቅም ማለት ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ማዕድን የበዛበት ነው። ጥርሳችን ላይ ያደረገውን እናውቃለን፤ ራዲያተር ውስጥም ምንም ደግ ነገር አያደርግም።

እንግዲህ ውሳኔው። ዘይት ማጠጣቱም አየሩም ቫልቮላ ነው ካሉህ፣ ሥራው ቴስታታ ማውረድ፣ ቫልቮላና መቀመጫ ማስፈጨት፣ የተቃጠለውን መቀየር፣ ሲሎቹንና ጓርኒሲዮኑን አብሮ መቀየር፣ ቶርኖ ቤት ደግሞ ቴስታታው ቀጥ ማለቱን ማስለካት ነው። የዚህን ሁሉ ዋጋ ከጋራዥ አስጽፈህ ውሰድና ሻጩ ፊት አስቀምጥ። ዋጋ እዚህ አልጽፍልህም፤ ሳምንት ሳይሞላው ይለወጣል። የታይሚንግ ችንጋውም (ካምሻፍቱን የሚያዞረው) መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ አብሮ ይቀየር፤ በዚያው ተከፍቷልና። ደግነቱ ይህ ሞተር ችንጋው ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቮላ አይገናኙም። መንገድ ላይ ያስቀርሃል እንጂ ሞተር አያጠፋም።

ፋሻ ነው ካሉህ ግን፣ ቤንዚን ማጠቡን አጣርተህ ካወጣህ በኋላ፣ ተወው። አንድ ሲሊንደር ብቻውን ፋሻው ካለቀ፣ ሌሎቹ ደህና ሆነው፣ የሆነ ነገር ደርሶበታል ማለት ነው። የተሰበረ ፋሻ፣ የተቧጨረ ግድግዳ፣ የተቀደደ ፒስተን። ያ ሞተር መውረዱ አይቀርም፤ ከወረደ ደግሞ አንዱን ሲሊንደር ብቻ አታስቦርስም።

«የሚጨመር መድኃኒት አለ፤ ኮምፕሬሽን ይመልሳል ይላሉ» ብለህም ነበር። የተጣበቀ ፋሻን አንዳንዴ የሚያላቅቅ ማጽጃ አለ። የተቃጠለ ቫልቮላን የሚያበቅል ፈሳሽ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች። ጌጅህ በባር ከሆነ 10.3 ባር ማለት 150 ፒኤስአይ ነው፤ 7.2 ባር 105 ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ መሰለኝ ብለህ አትደንግጥ። ነገ ደግሞ ናፍጣ መኪና ልትገዛ ብትል ይህ ሁሉ አይሠራም። የናፍጣ ሞተር ጌጅ ሌላ ነው፤ ቁጥሩም ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ዘይት ማጠጣትም እዚያ አይሞከርም፤ ፒስተኑና ቴስታታው መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ያስሰብራል።

ወንጂ ደርሰህ ተመለስና አስለካ። ከዚያ አሥር ቁጥር ላክልኝ። ከአራቱም ሲሊንደር የመጀመሪያውን ምትና የመጨረሻውን፤ ይህ ስምንት ነው። የቀሩት ሁለቱ ዘይት ከጠጡ በኋላ ያሉት የአንደኛውና የሦስተኛው ናቸው። የአራቱን ካንዴላ ፎቶም ጨምርበት፤ በተራ ተደርድረው፣ ጫፋቸው ወደ ላይ።